ሰላጣ ጆንያ አያነሳም

እንጅባራ ላይ ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አርሰናልና ማንችስተር። ከሁለቱም አይደለሁም የሚል ካለ ወይ የቼልሲ ደጋፊ ነው፣ ወይ ዲኤስቲቪ ቤት የሚመጣው ብርዱን ሽሽት ነው። የአዊን ደጋ ብርድ የቀመሰ ሰው በዚህ አይፈርድበትም። በዚህ አከፋፈል ውስጥ ራግቢ የሚባል ጨዋታ ቦታ የለውም። የቤቱ ባለቤት ፕሪሚየር ሊጉን ፍለጋ ሪሞቱን ሲጫን፣ ሞላላ ኳስ ታቅፈው የሚተራመሱ ግዙፍ ሰዎች ድንገት ብቅ ካሉ "እለፈው!" የሚል ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን ይመጣል። ያልፈዋል።

ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ሳይታለፍ ቀረ። ቅዳሜ ቀትር ነው። የእንግሊዝ ኳስ ገና አልተጀመረም። ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ ለራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀርበዋል። አንደኛው ወገን አፍሪካዊ ስለሆነ ቤቱ ያለ ክርክር ደቡብ አፍሪካን ደገፈ። የጨዋታውን ሕግ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ አለማወቅ ግን ከመደገፍ ከልክሎን አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ዳኛው ፊሽካ ነፋና ከሁለቱም ወገን ስምንት ስምንት ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተቆላልፎ ቆመ።

"ምን ወድቆባቸው ነው?" አለ አንዱ።

"ሞባይል ይሆናል" አለ ሌላው።

"ኧረ እርቅ ነው! ይቅር እየተባባሉ ነው" አለች ቡና የምታቀርበው ልጅ።

እርቁ ወዲያው ፈረሰ። እንግሊዞቹ ወደ ኋላ ይንሸራተቱ ጀመር። ቤቱ በሳቅ ሲያውካካ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። እኝህ ሰው ዕድሜያቸውን በአይሱዙ ኋላ የፈጁ ጫኝና አውራጅ ናቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ ቴሌቪዥኑ አዘነበሉ።

"ያ 1 ቁጥሩ ልጅ ጫኝ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ስፖርተኛ ነው።"

"ጫኝ ነው አልኩ። ጀርባውን እየው፤ አልጎበጠም። አንገቱንም አላላላም። የሚገፋው በጭኑ ነው። ስንት ይከፍሉታል?"

የሚያውቅ አልነበረም። "ብዙ" አልናቸው።

"ይገባዋል" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ራግቢን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ቡድን 15 ሰው ይሰለፋል፤ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው። ኳሷ ከእጅ አምልጣ ወደ ፊት ከወደቀች፣ ወይም እንዲህ ያለ ቀላል ጥፋት ከተፈጸመ፣ ጨዋታው በስክረም ይቀጥላል። ስምንት ሰው በሦስት ረድፍ ተያይዞ ሌላ ስምንት ሰው ይገፋል። ኳሷ ከመሀል ትገባለች። ከፊተኞቹ ሦስት ሰዎች መሀለኛው በእግሩ ወደ ወገኑ ይስባታል፤ ግራና ቀኝ ደግፈውት የሚገፉት 1 እና 3 ቁጥሮች ፕሮፕ ይባላሉ። የ1 ቁጥሩ ጭንቅላት በአንድ ወገን ነጻ ነው፤ አየር ያገኛል። የ3 ቁጥሩ ጭንቅላት ግን በሁለት ባላጋራ መካከል ይቀረቀራል። ከፊት ጠላት ይገፋዋል፣ ከኋላ ወገን ይገፋዋል፤ መሀል ላይ የሚቀረው የራሱ አንገት ነው። በትልልቆቹ ቡድኖች የስምንቱ ሰው ክብደት ተደምሮ 900 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ በእኛ ቋንቋ ዘጠኝ ኩንታል።

ዳኛው ሦስት ትእዛዝ ይሰጣል፦ "ጎንበስ! ያዝ! ግጠም!" ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሱም በቅጡ አያይም። ስክረሙ አንዳንዴ ይደረመሳል። ሲደረመስ አንዱ ወገን መቀጣት አለበት፤ በዚያ ሁሉ ክንድና እግር ውስጥ ማን ማንን እንደጣለ ለማወቅ ግን መልአክ መሆን ይጠይቃል። ዳኛው መልአክ ስላልሆነ በእጁ ወደ አንዱ ያመለክትና ነገሩን ይዘጋዋል። በመሥሪያ ቤት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም።

ሽማግሌው "ጫኝ ነው" ያሉት 1 ቁጥር ቴንዳይ ምታዋሪራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሐራሬ የተወለደ የዚምባብዌ ልጅ ነው። ደርባን ሄዶ ሻርክስ የተባለውን ክለብ ሲቀላቀል በስክረሙ ከኋላ ረድፍ የሚሰለፍ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ወጣት ነበር። አሠልጣኙ ዲክ ሙይር ትከሻውን አየና ወደ ፊት ረድፍ አዛወረው። ሲሮጥ ለኖረ ልጅ ይህ ሹመት አይመስልም፤ ሾፌሩን ከጋቢና አስወርዶ "ከዛሬ ጀምሮ ጫን" የማለት ያህል ነው። ልጁ ግን ጫነ። በ2008 ለደቡብ አፍሪካ መሰለፍ ጀመረ። በ2009 የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ምርጦች ላየንስ በሚል ስም ደርባን ሲመጡ፣ ከፊቱ የቆመው ዓለም ዋንጫ ያነሳው ፊል ቪከሪ ነበር። ምታዋሪራ ያለ ርኅራኄ ገፋው። የቅጣት ምቱ ሲደራረብ ቪከሪን አስወጥተው በሌላ ተኩት። ስታዲየሙ ለምታዋሪራ በልጅነቱ በወጣለት ቅጽል ስም "ቢስት!" እያለ ጮኸ፤ አውሬው ማለታቸው ነው።

በ2010 ደግሞ ሌላ ግፊያ መጣ። ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዴት ለአገር ይሰለፋል የሚል ጥያቄ ተነሳ። ምታዋሪራ በዚያው ዓመት ዜግነቱን አገኘ። መታወቂያ ለማውጣት ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው የትኛው ስክረም እንደሚከብድ ያውቃል።

ወደ ዮኮሃማው ቀን ልመለስ። ጨዋታው ገና በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ የእንግሊዙ 3 ቁጥር ካይል ሲንክለር ከራሱ ጓደኛ ጋር ተጋጭቶ ራሱን ሳተና ወጣ። እዚህ ላይ የራግቢ ሕግ የሚደነቅ ነው። በፊት ረድፍ ላይ ያልሠለጠነ ሰው አይገባም። ለሥራው የሠለጠነ ተቀያሪ ከጠፋ ዳኛው ግፊያ የሌለበት ስክረም ያዛል፤ አንገት ይሰበራልና። ካፒቴኑ ቢወጣ ካፒቴንነቱ ለሌላ ይሰጣል፤ ሯጩ ቢወጣ ሌላ ሯጭ ይገባል፤ ፕሮፕ ከሌለ ግን ስክረሙ ለወጉ ያህል ብቻ ይደረጋል። በየመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ሦስት ሳምንት ቢጠፋ ማንም ልብ አይልም፤ የጥበቃው ሠራተኛ ለግማሽ ቀን ቢቀር ግን በሩን የሚከፍት የለም።

በሲንክለር ፋንታ ዳን ኮል ገባ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ኋላ ሲሄድ ዋለ። ሃንድሬ ፖላርድ በእግሩ 22 ነጥብ አስቆጠረ። ማካዞሌ ማፒምፒና ቼስሊን ኮልቢ በመስመር በረው አገቡ። 32 ለ12 አለቀ፤ ካፒቴኑ ሲያ ኮሊሲ ዋንጫውን አነሳ። የምታዋሪራ ስም ከአስቆጣሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ፖላርድ ከመታቸው ቅጣት ምቶች ጥቂት የማይባሉት ግን እንግሊዞች ስክረም ላይ ሲንኮታኮቱ የተገኙ ነበሩ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ለኮልቢ ሩጫ ከወንበሩ ተነስቶ ጨፈረ። ሽማግሌው ብቻ "በሩን የከፈተለት ማን ሆነና" ብለው ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ምታዋሪራ ከዚያ በኋላ ለአገሩ አልተሰለፈም፤ 117 ጨዋታ አድርጎ፣ በ34 ዓመቱ ተሰናበተ።

የፕሮፕ ኑሮ እንዲህ ነው። ሯጩ በ20 ዓመቱ ኮከብ ሲሆን ፕሮፕ ግን በዚያ ዕድሜ ገና ተማሪ ነው፤ ከ25 በፊት የበሰለ ፕሮፕ ጥቂት ነው። በሰውነት ሳይሆን በተንኮል ነው የሚበስለው፤ ባላጋራውን በየት በኩል ማዘንበል እንዳለበት፣ ዳኛው በየት በኩል እንደማያይ ዓመታት ያስተምሩታል። ጆሮው በመፋተግ ብዛት ያብጥና ቅርጹን ያጣል። አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል፤ ኮሌታው የሚቆለፍ ሸሚዝ ማግኘት ችግር ይሆንበታል።

የእንግሊዙን ጄሰን ሌናርድን እንውሰድ። ሙያው አናጺነት ነው። እሱ የጀመረ ጊዜ ራግቢ ደሞዝ የማይከፈልበት ጨዋታ ስለነበር መዶሻውን አስቀምጦ ይጫወታል፣ ተጫውቶ ወደ መዶሻው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 አንገቱ ተጎዳ፤ ሐኪሞች ከዳሌው አጥንት ቆርጠው አንገቱን ጠገኑለት። ማንም አስተዋይ ሰው "በቃኝ" የሚልበት ሰዓት ነበር፤ እሱ ግን ተመልሶ ገባ። ከ1990 እስከ 2004 ለእንግሊዝ 114 ጊዜ ተሰለፈ። በዚህ ሁሉ ዘመን ኳስ ተሸክሞ ከመስመር አልፎ ያስቆጠረው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1996፣ አርጀንቲና ላይ። አንድ አጥቂ በ114 ጨዋታ አንድ ጎል ቢያገባ የእንጅባራ ዲኤስቲቪ ቤት ቆሞ ያባርረዋል። ሌናርድ ግን በሥራው ላይ ነበር፤ ሥራው ማግባት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. የ2003ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያየ ሁሉ ጆኒ ዊልኪንሰንን ያስታውሳል፤ ሲድኒ ላይ፣ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ብዙ በማይመታበት ቀኝ እግሩ መትቶ አውስትራሊያን 20 ለ17 ያሸነፈውን። ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ዳኛው የእንግሊዝን ስክረም በቅጣት ላይ ቅጣት እያከታተለ፣ ጨዋታው ከእጃቸው ሊወጣ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት አሠልጣኙ ሽማግሌውን አናጺ አስገባ። ሌናርድ ለዳኛው የሰጠው ቃል ቀላል ነበር፤ ወደ ፊት አልሄድም፣ ወደ ኋላም አልሄድም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አልልም። ቃሉን ጠበቀ፤ ስክረሙ ረጋ፤ ቅጣቱ ቆመ። ሐውልት ቢሠራ ግን የሚሠራው ለዊልኪንሰን እግር ነው።

ስለ ምግባቸውም ሳልናገር አላልፍም። ፕሮፕ ከ110 ኪሎ በታች ከሆነ የታመመ ይመስላቸዋል። የደቡብ አፍሪካው ፕሮፕ ኦክስ ንቼ ኬክ ወዳጅ ነው፤ "ሰላጣ ስክረም አያሸንፍም" በሚለው አባባሉም ታውቋል። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። "ሰላጣ ጆንያም አያነሳም" አሉ። ቀጥሎ የጠየቁት ጥያቄ ግን ንቼንም የሚያስጨንቅ ነበር፦ "ለመሆኑ ይጾማሉ?" እውነት ነው፤ 55 ቀን ሁዳዴን በሽሮና በድንች ጨርሶ፣ በማግሥቱ ኩንታል ይዞ ሳንቃ ላይ የሚወጣ ሰው በዮኮሃማ አልታየም።

ኩንታሉን በቅርብ ያላየ ሰው ካለ እንጅባራ ድንች በሚጫንበት ቀን ይምጣ። የባንጃ ድንች በጆንያ ተሰፍቶ ይደረደራል። አይሱዙው ኋላውን ከፍቶ ይቆማል፤ ከመሬት እስከ መኪናው ሳንቃ ይጋደማል። ሁለት ሰው ጆንያውን ከታችና ከላይ ይዞ "ሆ!" ብሎ ያነሳል። ተሸካሚው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጉልበቱን በትንሹ ሰብሮ፣ ባዶ ማዳበሪያ ራሱ ላይ ደፍቶ ይጠብቃል። ጆንያው አንገቱ ላይ እንዲያርፍ አይፈቅድም፤ ቦታው ከአንገት ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ትከሻ መካከል ነው። ልክ ሲያርፍበት አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ቆሞ የተቀበለውን ክብደቱ ይጥለዋልና። ሳንቃው ይረግባል፤ ተሸካሚው ከሳንቃው ዥዋዥዌ ጋር እርምጃውን አስማምቶ ይወጣል። አይናገርም፣ አይስቅም፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ቢጠራ የሚስቱም ቢሆን አይነሳም። በክረምት መኪናው ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ከኋላ ተደርድረው፣ ትከሻቸውን ለብረቱ ሰጥተው ይገፋሉ። ያን ጊዜ ዳኛ የለም፤ "ግጠም!" የሚለው ረዳቱ ነው፤ ጎማው የተፋው ጭቃ የሚያርፈውም በገፊዎቹ ፊት ላይ ነው።

ደላላው በዚህ ሁሉ መሀል ደረቅ ጫማ ለብሶ ስልክ ያወራል። በሁለት ስልክ፣ በአራት ደቂቃ፣ ድንቹን ባሕር ዳር ያደርሰዋል። በራግቢው ቢሆን ክንፍ ላይ የሚጫወተው ሯጭ እሱ ነው። ኮሚሽኑን ሲቀበል ነጋዴው ያመሰግነዋል፣ ምሳም ይጋብዘዋል። ጫኙ ሂሳቡን ሲጠይቅ ግን "ምነው በዛ?" የሚል ክርክር ይነሳል። ደላላ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱ ከሌለ ድንቹ በቅሎ ይበሰብሳል። ጫኙ ከሌለ ግን ደላላው ድንቹን በስልኩ አያነሳውም።

በዚህ ረገድ ከሰው ይልቅ ለፈረስ ፍትሕ ሰጥተናል። ሌላው አገር በበሬ ሲያርስ በአዊ ደጋ ፈረስ ጠምዶ ማረስ የተለመደ ነው። ያው ፈረስ ገበያ ያደርሳል፣ እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል። ጥር 23 ሲደርስ ደግሞ ታጥቦ፣ ተቀጽሎ፣ ኮርቻውና ልጓሙ በጌጥ ደምቆ ሜዳ ይወጣል። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች የሚዘክረው በዚሁ ቀን ነው። ጉግሱና ሽምጥ ግልቢያው ሲጀመር እልልታው ሰማይ ይነካል። ሰኔ ላይ ሞፈር ሲጎትት የከረመውን ጀርባ በጥር አደባባይ አውጥቶ ማክበር ትልቅ ባህል ነው። ለፈረስ ያወቅንበትን ለጫኝ ለምን እንዳላወቅንበት የሚገባኝ አይደለም። አንድም ቀን ተሸካሚ በጌጥ ደምቆ ስታዲየም ሲዞር አላየሁም።

ወደ ራግቢው ልመለስ። ዳንግላዎች ሲሰሙ ሊከፋቸው ይችላል፤ ራግቢ አዊ ሳይገባ ለመቅረቱ ተጠያቂ ከተማ ካለ ዳንግላ ናት። የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው እዚያ ነው። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ። እንግሊዞች በደረሱበት ሁሉ ኳሳቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ዚምባብዌ ራግቢን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ኬንያ በሰባት ሰው በሚጫወተው ራግቢ በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን በፍጻሜ አሸንፋ ዋንጫ እስከመውሰድ ደርሳለች። የእኛው ቆንስል ግን የወፍ ሊቅ ሆነ። ወፍ ሲያጠና፣ ዓባይን ተከትሎ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት፣ የጣናንና የዓባይን ካርታ ሲያነሳ ኖረ፤ በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተመ። ለጂኦግራፊ ትልቅ ውለታ ነው። አንዲት ሞላላ ኳስ ዳንግላ ሜዳ ላይ ረስቶ ቢሄድ ኖሮ ግን ዛሬ 1 ቁጥራችንን ከእንጅባራ፣ 3 ቁጥራችንን ከዳንግላ መርጠን፣ በመሀላቸው ማን ይቁም በሚለው ብቻ እንጣላ ነበር።

አሁንም አልረፈደም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ቡድን እናቋቁም፣ ፌዴሬሽን እንጠይቅ፣ ማልያ እናሠራ ይላሉ። ማልያው ላይ የማን ስም ይጻፍ ሲባል ግን ሁሉም ክንፍ ልሁን አለ። ሯጭ ሞልቷል፤ አገሩ የሯጭ አገር ነው። ጎንበስ ብዬ አንገቴን ላግባ የሚል ጠፋ። ሐሳቡም በዚያው ፈረሰ፤ እንደ ሌሎቹ ኮሚቴዎች ሁሉ ማን እንዳፈረሰው አይታወቅም።

ስለዚህ ቡድኑ እስኪቋቋም አንባቢን በቀላሉ ነገር ልለምን። ቤት ስትቀይሩ፣ እህል ስታስጭኑ፣ ቁም ሳጥን ሦስተኛ ፎቅ ስታስወጡ ዋጋውን ዕቃው መሬት ላይ ሳለ ተስማሙ። ጆንያው ትከሻ ላይ ካረፈ በኋላ ግን አትከራከሩ፤ መንገድ ልቀቁ። ሲወርድ የተስማማችሁትን ሳትሸርፉ ክፈሉ፣ ውኃም ስጡ። ምሳ ከጋበዛችሁ ደግሞ ሰላጣ አትዘዙ።